ያልተጻፈው የዜማ ግማሽ

ጅማ ላይ፣ ቦሳ ኪቶም ይሁን ሂርማታ፣ በመውሊድ ሰሞን መንዙማ ሲወጣ ያዳመጠ ሰው ማንም ሳያስተምረው አንድ ነገር ያውቃል፤ ዜማ ሲደገም ያው አይደለም። ተቀባዮቹ አዝማቹን እንዳለ ይመልሳሉ፣ ድቤውም ከመስመሩ አይወጣም። መሪው ግን መጀመሪያ ልቅም አድርጎ ያወጣትን ስንኝ ሲመለስባት አንዲቱን ድምፅ ይዞ ይወጣባታል፣ ይወርድባታል፣ እንደ ሐረግ ይጠመዝዛታል። ሰሚውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጣሊያን አገር የተጻፈ የኦፔራ ዘፈን ለመስማት የሚጎድለው ብዙ አይደለም። እዚህ የማስተዋውቀው አልበም ጣሊያናዊቷ ሜዞ ሶፕራኖ ቼቺሊያ ባርቶሊ በ1999 በዴካ ኩባንያ ያወጣችው የአቀናባሪው የአንቶኒዮ ቪቫልዲ አርያዎች፣ ማለትም የኦፔራ ዘፈኖች፣ ስብስብ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙዎች ይህን ሥራ ከመደርደሪያ ወርዶ አቧራው የተራገፈ ቅርስ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኛል። ቪቫልዲ ግማሹን ብቻ ነበር የጻፈው፤ የቀረውን ግማሽ የሠራችው ዘፋኟ ናት።

ሜዞ ሶፕራኖ ማለት ከሴቶች ድምፅ መካከለኛው ነው፤ ከሶፕራኖ ዝቅ፣ ከኮንትራልቶ ከፍ ይላል። ደረቱ ሞቅ ያለ፣ ጫፉም የማይሰነጠቅ ድምፅ ስለሆነ ባሮክ የሚባለው የቪቫልዲ ዘመን አቀናባሪዎች ለንግሥትም፣ ለበቀለኛም፣ ለወጣት ጦረኛም ይጽፉለት ነበር። ባርቶሊ በ1966 ሮም ተወለደች። አባትና እናቷ የሮም ኦፔራ ኅብረ ዝማሬ ዘፋኞች ነበሩ፤ ድምፅ ማውጣትን ያስተማረቻትም እናቷ ናት። በአልበሙ ላይ የሚያጅባት በሚላን በ1985 የተቋቋመው ኢል ጃርዲኖ አርሞኒኮ ነው፤ መሪው ጆቫኒ አንቶኒኒ። እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱት በዘመኑ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ የቫዮሊኖቻቸው አውታር ከብረት ሳይሆን ከአንጀት የተሠራ ነው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚገመድ ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አይከብድም። የአንጀት አውታር ድምፁ እንደ ብረት አያብለጨልጭም፤ ይሻክራል፣ ይተነፍሳል፣ ሲመቱትም ቶሎ ይበርዳል። አልበሙ የሚከፈተው «ዶሪላ ኢን ቴምፔ» ከተባለው ኦፔራ በተወሰደ ዜማ ሲሆን፣ ቪቫልዲ እዚያ ውስጥ «ጸደይ» ከተባለው ከገዛ ራሱ የቫዮሊን ኮንቼርቶ ተበድሯል። ይህን ዜማ አላውቀውም የሚል ሰው ስልክ ደውሎ «እባክዎ ይጠብቁ» ሲባል ምን እንደሚሰማ ያስታውስ።

የእነዚህ አርያዎች ወረቀት እንዴት እንደተረፈ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ቪቫልዲ በ1741 ቪየና ውስጥ በድህነት ሲሞት ኦፔራዎቹም አብረውት ተረሱ። የእጅ ጽሑፎቹ ከአንድ ባለጸጋ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ቆይተው በ1926 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በአንድ የሳሌዢያን ገዳም ተገኙ። መነኮሳቱ አሮጌ መጻሕፍት ሸጠው ቤታቸውን ሊጠግኑ አስበው ለቱሪን ቤተ መጻሕፍት ግምት ጠየቁ። የቱሪን ዩኒቨርሲቲው መምህር አልቤርቶ ጀንቲሊ ሣጥኖቹን ከፍቶ ሲያይ የያዘው ምን እንደሆነ ገባው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግን መግዣ አልነበረውም። የመጀመሪያውን ክፍል በ1927 የገዛው ሮቤርቶ ፎአ የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ ነው። የቀረው ክፍል ከጄኖቫ የዱራጾ ቤተሰብ ዘንድ ሲገኝ ደግሞ በ1930 ፊሊፖ ጆርዳኖ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ ከፈለ። ሁለቱም ሕፃናት ልጆቻቸውን በሞት ያጡ አባቶች ነበሩ፤ ስጦታውንም በልጆቻቸው ስም አደረጉት። ጀንቲሊ ግን አይሁዳዊ ስለነበር በ1938 የወጣው የዘር ሕግ ከማስተማሪያ ወንበሩ አስነሣው። ሕጉን ያወጣው፣ ያኔ ጅማን ጨምሮ አገራችንን በወረራ ይዞ የነበረው የፋሺስት መንግሥት ነው።

ወረቀቱ ከተገኘ ዘፈኑ ተገኘ ማለት ነው? አይደለም። የዘመኑ አርያ ሦስት ክፍል አለው፤ ዋናው ዜማ፣ ከእርሱ የሚለይ መሐከለኛ፣ ከዚያ ዋናው እንደገና። ሦስተኛውን ክፍል አቀናባሪው አይጽፈውም። «ዳ ካፖ» የሚል ምልክት ብቻ ያስቀምጣል፤ ከራስጌ ጀምር ማለት ነው። ዘፋኙ ሲመለስ ዜማውን ባለበት እንዲደግመው አይጠበቅም። ዘፋኝና መምህር የነበረው ፒየር ፍራንቼስኮ ቶሲ በ1723 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ቀለል ብሎ እንዲዜም፣ ሲመለስ ግን ዘፋኙ ዜማውን አሻሽሎ እንዲለውጠው ይመክራል፤ መለወጥ የማይችለውንም ከታላላቆቹ አይቆጥረውም። እኛ ዘንድ ቡና ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ዳ ካፖ ግን በተመለሰ ቁጥር ይወፍራል። ስለዚህ የቱሪኑን ወረቀት ብቻ አምኖ እንደተጻፈ የሚደግም ሰው ለቪቫልዲ ታማኝ የሆነ ይመስለዋል እንጂ የታዘዘውን አልፈጸመም። ለእኛ ይህ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ትዝታ አንድ ነው፤ የካሳ ተሰማ ትዝታ ግን የማህሙድ አህመድ አይደለም፣ የማህሙድም የበዛወርቅ አስፋው አይደለም። ማናቸውንም «ትዝታን አበላሸ» የሚል የለም። የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርታችን በዚህ በኩል ጠንከር ይላል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠራ የሚነገረው የድጓ ምልክት ለተማሪው ዜማውን ያስታውሰዋል እንጂ አያስተምረውም፤ ያለ መምህር አፍ ምልክቱ ዲዳ ነው። ልዩነቱ የድጓ ተማሪ ከመምህሩ እንዳይወጣ መታዘዙ ነው፤ የባሮክ ዘፋኝ ደግሞ እንዲወጣ።

ባርቶሊ ይህን ነፃነት ምን አደረገችበት? ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ፈጣኖቹን ነው፤ ለምሳሌ «አልማ ኦፕሬሳ»ን፣ ድምፅዋ እንደ ፈሰሰ ዶቃ የሚንከባለልበትን። የእኔ ምርጫ ሌላ ነው፤ በ1727 ከታየው «ፋርናቼ» የተወሰደው «ጄሊዶ ኢን ኞኒ ቬና»። የጶንጦስ ንጉሥ ፋርናቼ በጠላት እጅ እንዳይወድቁበት ሚስቱን ልጃቸውን ገድላ ራሷን እንድታጠፋ አዝዟት ነበር፤ አሁን ልጁ የሞተ መስሎታል፣ በገዛ ትእዛዙ። ቫዮሊኖቹ ከራሱ ከቪቫልዲ «ክረምት» ኮንቼርቶ መክፈቻ የተወሰደውን መንቀጥቀጥ ይዘው ይገባሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ እንደሚንገጫገጭ ጥርስ። ዘፋኟ ስትገባ ጩኸት የጠበቀ ሰው ይሳሳታል። ድምፁ ሊጠፋ የደረሰ ክር ነው፤ ትንፋሽ ይበዛበታል፣ ቀለም የለውም። ስትመለስ ጌጥ ትጨምራለች፣ ግን ጌጡ ወደ ላይ የሚፈነዳ አይደለም። ድምፁን ትሰብረዋለች፣ በአንዲት ፊደል ላይ ትዘገያለች፣ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ የወረደውን መስመር ወደ ሲቃ ትለውጠዋለች። አሥር ደቂቃ ገደማ የሚሄደው ይህ ዘፈን ሲያልቅ አባትየው መጀመሪያ ላይ የነገረንን ነገር ራሱ አሁን ገና ያመነው ይመስላል። ይህ በወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱ ያለው «ከራስጌ ጀምር» ብቻ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁሉም ቀላል አይደሉም። ሴት የአባትን ሐዘን ማዜሟ አይስማማም ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ በመጀመሪያው ትርዒት ፋርናቼን የተጫወተውም የሴት ድምፅ ነበር። ጣሊያንኛ አይገባኝም የሚል፣ ግእዝ ሳይማር ያስቀደሰበትን፣ ዐረብኛ ሳይናገር መንዙማ ሰምቶ ያለቀሰበትን ቀን ያስብ። በእርግጥ የግጥሙን ፍሬ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል፤ ከላይ የፋርናቼን ታሪክ የነገርኩትም ለዚሁ ነው። ከበድ የሚለው ክስ ባርቶሊ ልክ ታልፋለች የሚለው ነው፤ በፈጣኖቹ አርያዎች ላይ እያንዳንዱን ድምፅ በትንፋሽ እየነጠለች ትተኩሰዋለች፣ ዜማው ውድድር ይሆናል፣ ድምፅዋም በተፈጥሮው ትንሽ ነው ይላሉ። እውነት አለበት። አንዳንዱ አርያ ላይ ችሎታው ከስሜቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ደጋግሜ የማልሰማቸውም አሉ። ሆኖም ያ ሙዚቃ በዘመኑም የአክሮባት ትርዒት ነበር፤ ሰው ለዘፋኙ ጉሮሮ ከፍሎ ይገባ ነበርና ፍጥነቱን ከባርቶሊ ላይ ብቻ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። የድምፁ ትንሽነትም ማይክሮፎን ፊት ጉድለት አይሆንም፤ «ጄሊዶ»ን ያስቻለው እርሱ ነው። ያ ሹክሹክታ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የኋላ ወንበር አይደርስም ነበር።

የማልመልሰው ተቃውሞ አንድ ነው። ዳ ካፖ በየምሽቱ ሊለወጥ የተፈጠረ ነገር ከሆነ፣ ሲዲ አንዱን ምሽት ብቻ ቀርጾ ያስቀራል። ዛሬ ይህን አልበም በቃሉ የያዘ ሰው የባርቶሊን ጌጥ የቪቫልዲ ጽሕፈት አድርጎ ሊያስበው ይችላል፤ በካሴት ያደገ ሰው ትዝታን በአንድ ዘፋኝ ቅላጼ ብቻ እንደሚያውቀው ማለት ነው። የተቀዳ ነገር ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። አልበሙ በ2001 የግራሚ ሽልማት አግኝቶ በብዙ ቤት መግባቱ ጣጣውን አሰፋው እንጂ አላጠበበውም። ማስታገሻው ያንኑ አርያ ሌላ ዘፋኝ እንዴት እንደምትመልሰው አጠገቡ አድርጎ መስማት ነው።

እንግዲህ አንባቢ፣ ከአልበሙ አንድ ብቻ የምትሰማ ከሆነ በ«ጄሊዶ» ጀምር፤ ቡናው ቀርቦ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጥ። የአርያው ዜማ የመጣበት የእጅ ጽሑፍ ክምችት 27 ጥራዝ ሆኖ ዛሬም በቱሪን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የሚጠራውም በሁለቱ ሟች ሕፃናት፣ በማውሮ ፎአና በሬንዞ ጆርዳኖ ስም ነው።