ጥቅስ በታኙ ፕሮግራም

አራት በአራት የሆነ፣ አሥራ ስድስት ሳጥኖች ያሉት ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ ይሣሉ። ከላይኛው ረድፍ ሦስተኛውን፣ ከሁለተኛው ረድፍ አራተኛውን፣ ከታችኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ሳጥን ያጥቁሩ። ጥቁሮቹ ቃልን ከቃል ይለያሉ፤ ረድፍ ስላለቀ ግን ቃል አያልቅም፣ ወደሚቀጥለው ረድፍ ይሻገራል። አሁን ከየዓምዱ ሥር እነዚህን ፊደላት ይጻፉ፤ ከአንደኛው ሥር አ፣ ያ፣ ድ፤ ከሁለተኛው ር፣ ብ፣ ን፣ ያ፤ ከሦስተኛው ር፣ ስ፣ በ፤ ከአራተኛው ር፣ ሳ፣ ቢ። እያንዳንዱ ፊደል ከራሱ ዓምድ ሳይወጣ ወደ ቦታው ሲመለስ አንድ የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ይነበባል።

የመጀመሪያው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከሁለቱ ዓምዶች ድብ ይወጣል፣ አያ ይወጣል፣ ያን ይወጣል፣ ድርም ይወጣል። ወደ መጨረሻው ቃል የሄደ ሰው ደግሞ ወዲያው ንስርን ያያል። ንስርን የጻፈ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቸገራል፤ ያ ረድፍ ጥቁር ሳጥን የለውም፣ አራቱም ዓምዶች አንዳንድ ፊደል ያዋጡበታል፣ እዚያ ላይ ን ከሌለ አንበሳ አይሞላም። ንስሩ ተሰርዞ አንበሳው ሲገባ የቀረው ተከታትሎ ይመጣል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ በእጅ ማዘጋጀት ይቻላል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲያዘጋጀው ግን ጥቅሱን ተቀብሎ በሰንጠረዡ ይዘረጋል፣ የየዓምዱን ፊደላት በሀለሐመ ተራ ይደረድራል፣ ከዚያም ሰው ትዕግሥት የሚያጣበትን ሥራ ይሠራል። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ ፊደላቱ ሊቀመጡ የሚችሉባቸው መንገዶች 5184 ናቸው፤ 6 ጊዜ 24 ጊዜ 6 ጊዜ 6። ፕሮግራሙ ሁሉንም አንድ በአንድ ከቃላት ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ አራቱም ቦታ ላይ እውነተኛ ቃል የሚያስገኝ ሌላ መንገድ ካለ ለአዘጋጁ ያሳውቃል። ይህ ማመሳከር ትልቅ ነገር ነው። ፈቺው በትክክል አስቦ የደረሰበትን መልስ “ተሳስተሃል” የሚል ጨዋታ ሰውን ከቃላት ያርቃል።

በጥቅስ ላይ የተመሠረተ የቃላት ጨዋታ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው በአንዲት አሜሪካዊት መምህርት ምክንያት ነው። አግድምና ቁልቁል የሚሞላው የታወቀው ጨዋታ በአርተር ዊን ተዘጋጅቶ በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የወጣው በታኅሣሥ 1913 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ኤልዛቤት ኪንግስሊ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ “ሳተርዴይ ሪቪው” በተባለው መጽሔት ላይ ሌላ ዓይነት አመጣች። እርሷ የፈለገችው አንባቢው ወደ ቀደሙት ደራስያን እንዲመለስ ነው። ስለዚህ ከአንድ ጽሑፍ ጥቅስ ወስዳ ፊደሎቹን በሙሉ በትና ሌሎች ቃላት ሠራችባቸው፤ ፈቺው በፍንጭ ቃላቱን ሲያገኝ ፊደሎቹ በቁጥራቸው ወደ ጥቅሱ ይመለሳሉ፣ የቃላቱ መነሻ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ ደግሞ የደራሲውንና የሥራውን ስም ይሰጣሉ። አንዲት ፊደል መትረፍም መጉደልም የለባትም።

የእኛ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሽ ያልተጫወተ ልጅ የት አለ? መልሱ የጠፋበት ልጅ “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሌላ ከተማ ሰጥቶ ነው መልሱን የሚሰማው። ቅኔውም አንዱን ቃል ሁለት ቦታ ከፍሎ ማየትን ሲያስተምር ኖሯል። ያልነበረን ነገር ፊደላችንን ቆጥሮ የሚበትንና የሚሰበስብ መሣሪያ ነው፤ አሁን ግን ተራ ላፕቶፕ ያለው፣ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ሰው ሊሠራው ይችላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ የታተመ ወረቀት ደግሞ መብራትም አያስፈልገውም።

ይህን ሳስብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መተማና ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ያ አገር ለጥቅስ ጨዋታ የሚሆን ጽሑፍ ሞልቶታል። የድንበር ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግስቱ ያረፉበት ስፍራ በመሆኗ ነው። በስማቸው የሚነገረው የክተት አዋጅ አገርን በተራ እናት፣ ዘውድ፣ ሚስት፣ ልጅ፣ መቃብር እያለ ይቆጥራል። አፄ ቴዎድሮስ የቋራ ሰው ናቸው፤ በ1868 (እ.ኤ.አ.) መቅደላ ላይ ሆነው ለእንግሊዙ ጀኔራል ናፒየር ያስጻፉት ደብዳቤ ዛሬም ይነበባል። እነዚህን ጽሑፎች ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲሰማ በአንድ ትንፋሽ ያልፋቸዋል። ጥቅሱ ተበትኖ ሲሰጠው ግን በእያንዳንዱ ቃል ላይ ይቆማል፤ “እዚህ የገባው ቃል ምን ሊሆን ይችላል?” ብሎ ከጸሐፊው ጋር ያስባል። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጥቅም እርሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንግባ። ለላቲን ፊደል የተሠሩ ፕሮግራሞች 26 ፊደል ብቻ ይጠብቃሉ። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። እያንዳንዱን ፊደል በሌላ ምልክት ለውጦ የሚሰውረው የምስጢር ጽሑፍ ጨዋታ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ያ ጨዋታ የሚፈታው የሚደጋገሙትን ምልክቶች አይቶ ነውና ድግግሞሽ ከሌለ መግቢያ የለውም። ከላይ ያየነው ምሳሌያዊ አነጋገር 13 ፊደላት አሉት፤ ከእነርሱ 10ሩ የተለያዩ ናቸው። ር ሦስት ጊዜ፣ ያ ሁለት ጊዜ ከመምጣታቸው በቀር ሌላው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ነው የሚታየው።

መፍትሔው ፊደሉን እንደ የኔታ ማየት ነው፤ ቤቱን ለብቻ፣ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚለውን ተራውን ለብቻ። ቢ፣ ብ እና በ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሳ እና ስም እንዲሁ። በቤት ሲቆጠሩ አሥራ ሦስቱ ፊደላት ወደ 7 ቤት ይወርዳሉ፣ ረ እና በ ሦስት ሦስት ጊዜ ይደጋገማሉ። ስለዚህ ጥሩ የአማርኛ ፕሮግራም ቤቱን በቁጥር ሰውሮ ተራውን በግልጽ ይሰጣል። ፈቺው ከአሥራ ሦስቱ ሰባቱ ሳድስ መሆናቸውን ያያል፤ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ደግሞ ሳድስ በቃል መጨረሻ ላይ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ጆሮው ያውቀዋል።

ኮምፒውተሩ ይህን እንዴት ያውቃል? የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ በቤት በቤቱ፣ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶት ነው። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው። ም 4637 ነው። ልዩነቱ 29 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 5 ይተርፋል። ከሀ፣ ከለ እና ከሐ ቀጥሎ አራተኛው ቤት መ ነው፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ትርፉ 5 ሲሆን ሳድስ ማለት ነው። በአንድ መቀነስና በአንድ ማካፈል ፊደሉ ተተነተነ ማለት ነው፤ ይህን ሥርዓት ያበጁት ሰዎች ብዙ ሥራ አቃለሉልን። ልዩ ትእዛዝ የሚሹም አሉ፤ ቋ፣ ጓ፣ ኳ እና ኋ ከእናት ቤታቸው ተለይተው በራሳቸው ረድፍ ተቀምጠዋል። ፕሮግራሙን የጻፈ ሰው ይህን ከረሳ ቋራ እና የመተማው ወንዝ ጓንግ ቀ እና ገ እንዳለባቸው ማሽኑ አያውቅም።

ከዚህ ሌላ የሞክሼዎቹ ጉዳይ አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። አንዱ ዮሐንስ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ዮሃንስ። ለማሽኑ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የታተመው ጥቅስ የአጻጻፍ ወጉን ጠብቆ ይውጣ፣ መልስ ሲታረም ግን ፕሮግራሙ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠር። ልጁ ስለ ጥቅሱ እያሰበ ሳለ በሐመሩ ሐ ምክንያት ነጥብ ሊያጣ አይገባም።

የኪንግስሊ ዓይነቱ ጨዋታ በፊደላችን እንዴት እንደሚሆን በዚያው ምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ማየት ይቻላል። አሥራ ሦስቱ ፊደላት ተበትነው አምስት ቃላት ይሠራሉ፤ አያ፣ ንስር፣ በር፣ ሳቢያ፣ ብድር። አንድም አልተረፈም፣ አንድም አልተጨመረም። የአራቱ መነሻ ፊደላት ደግሞ አንበሳ ይላሉ፤ አምስተኛው ብድር ብቻውን ቀረ። ፕሮግራሙ ወደዚህ የሚደርሰው አንድ ቃል ከዝርዝሩ አንሥቶ ፊደሎቹን ከጥቅሱ ላይ በመቀነስ፣ በቀረው ሌላ ቃል በመሞከር፣ መንገዱ ሲዘጋ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመልሶ ሌላውን በመያዝ ነው። ጥቅሱ ሁለት መቶ ፊደል ሲሆን ይህ ሥራ በእጅ ሳምንት ይፈጃል።

ባለቤት ያለው ጥቅስ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። መነሻ ፊደላቱ “አፄ ዮሐንስ” እንዲሉ ከተፈለገ ፄ እና ዮ በጥቅሱ ውስጥ ራሱ መገኘት አለባቸው፤ በፄ የሚጀምር ቃል ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የመነሻ ፊደል ሕጉ ቤት ብቻ እንዲጠብቅ ማድረግ ይሻላል፤ በየ ቤት፣ በሐ ቤት፣ በነ ቤት፣ በሰ ቤት የሚጀምሩ ቃላት ከተደረደሩ ፈቺው ዮሐንስን ለማንበብ አይቸገርም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የቃላት ዝርዝር ነው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትሟል፤ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን መዝገበ ቃላት ግሱን በመነሻ መልኩ፣ “ሰበረ” ብሎ ነው የሚይዘው፤ ጥቅስ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ “እንዳይሰበርባቸው” ነው። በታኙ ፕሮግራም በአጫጭር ስሞች ሊሠራ ይችላል፤ የዓምዱን ጨዋታ የሚያመሳክረው ግን የተረባውን ቃል ማወቅ አለበት። ቅጥያዎቹን እየነጠለ ወደ ሥሩ የሚያደርስ ተጨማሪ ክፍል ካልተጻፈለት ትክክለኛውን ጥቅስ ራሱን “ይህ ቃል አይደለም” ይላል።

ፍንጩን ማሽኑ ባይጽፈው እመርጣለሁ። በር ለሚለው ቃል መዝገበ ቃላቱ መግቢያና መውጫ ይላል፤ የመተማ መምህር ግን “ከተማችን ለጎንደር ወደ ሱዳን የሆነችለት” ብሎ ይጽፋል። ለብድር “ገበሬው ሰሊጡ እስኪደርስ የሚወስደው” ይላል። ሰሊጥ ራሱ መልስ ሲሆን “ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ዘሩን ስለሚያፈስ በጊዜ ታጭዶ ቆሞ የሚደርቅ” ብሎ ቢጽፍ እርሻ ላይ የዋለ ልጅ ከከተሜው ቀድሞ ይመልሳል። የቆላው ልጅ የሚያውቀው ዕጣኑ፣ ማሽላው፣ ጥጡ፣ ጓንግ ሲሞላ የሚሆነው ነገር ሁሉ ፍንጭ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት አዲስ አበባ ተቀምጦ ማዘጋጀት አይቻልም።

አዘጋጁ ጥቅሱን ወደ ፕሮግራሙ ከማስገባቱ በፊት አንድ የግድ የሆነ ሥራ አለበት። አዋጅና ደብዳቤ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲገለበጥ ቃል ይለወጣል፤ አንዱ ጋ “ነው” ያለው ሌላው ጋ ይቀራል፣ አንዱ የጨመረውን ሌላው ይተወዋል። በታኙ ፕሮግራም ደግሞ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሁሉንም እንደ አዲስ መበተን አለበት። ስለዚህ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደተወሰደ ከመልሱ ሥር ተጽፎ መውጣት ይኖርበታል፤ ልጁ ጥቅሱን ፈትቶ ሲጨርስ የቀረውን አዋጅ የት ሄዶ እንደሚያነበው እንዲያውቅ።