የመኪና አምፕሊፋየር ዝም ሲል

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፥ የወገራን ደጋ አቋርጦ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲቃረብ፥ ከነፋሱ ጋራ ተቀላቅሎ የሚሰማው ከየሚኒባሱ የሚወጣው ዘፈን ነው። ተሳፋሪው ብርዱንና የመንገዱን ርዝመት የሚረሳው በዚሁ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ወራት ደግሞ ድምፁ የጎላ መኪና ለአጃቢነት ከሌላው ይልቅ ይፈለጋል። ስለዚህ አምፕሊፋየር የተባለው የድምፅ ማጉያ ለአንዳንድ ቤተሰብ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ማግኛም ነው።

በዳባት በእንግድነት የተቀበሉን ባልና ሚስት በዚሁ ነገር ተጨንቀው አገኘናቸው። ባልየው በአሮጌ ሚኒባስ ሰው ያመላልሳሉ። ሠርግ ለማጀብ ቀብድ ተቀብለው ሳለ፥ ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው አምፕሊፋየሩ ዝም አለ። ያሳዩትም ሠራተኛ ሳይከፍትና ሳይለካ «ተቃጥሏል፤ ሌላ ይግዙ» አላቸው። በቤቱ ያለው ገንዘብ ግን ወይዘሮዋ ለክረምት እህል መግዣ ያስቀመጡት ብቻ ነበር። ወይዘሮዋም አንድ ነገር አስተውለው ኖሯል፤ ይኸውም መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ድምፁ ለአንድ አፍታ ይመጣና ይጠፋ ነበር። «የተቃጠለ ነገር እንዴት ተመልሶ ይነሣል?» ብለው ጠየቁ። በውነቱ ከሠራተኛው ይልቅ እርሳቸው ወደ ነገሩ ቀርበው ነበር።

የአምፕሊፋየር ተግባር ከሬዲዮው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ከባትሪው በሚያገኘው ኃይል አበርትቶ ለስፒከሩ መስጠት ነው። ለዚህም ሦስት ሽቦዎች ያስፈልጉታል። አንደኛው ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ነው፤ ሁለተኛው ከመኪናው ብረት ጋራ የሚታሰረውና ግራውንድ የሚባለው ነው፤ ሦስተኛው ሬዲዮው ሲከፈት «ተነሥ» ብሎ የሚያዝዘው ቀጭን ሽቦ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ አምፕሊፋየሩ ደኅና ሆኖ ሳለ እንደ በድን ይተኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቴስተር ይዘን ወደ ባትሪው ሄድን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ደኅና ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል። ባትሪው ላይ 12.5 አገኘን፤ በአምፕሊፋየሩ የኃይል መግቢያዎች ላይ ግን ቁጥሩ እየዋለለ ከ3 አያልፍም ነበር። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ከግራውንዱ አንሥተን በተፋቀ የመኪና ብረት ላይ ብናሳርፈው ወዲያው 12.4 ሆነ። እንግዲህ የኃይሉ መምጫ አልተቋረጠም፤ የጠፋው መመለሻው ነው።

ከወንበሩ ሥር ያለውን ብሎን ስንፈታው በሽቦውና በብረቱ መካከል ቀለምና ዝገት ተገኘ። በክረምት በተሳፋሪ ጫማ የሚገባ ጭቃና ውሃ በዚያ ሲተኛ ኖሯል። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፥ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ጠርገን፥ ሽቦውን አሳጥረን አጥብቀን አሰርነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ዘፈኑ ተመለሰ። እንዲህ ያለው የላላ ግራውንድ ሳይታሰብ ሲቆይ ኤሌክትሪኩ በድምፁ ገመድ በኩል መመለሻ ስለሚፈልግ ሬዲዮውንም ሊያበላሽ ይችላል።

ነገር ግን በዚያው ፍለጋ ከዝምታው የሚብስ ነገር አየን። በባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ አስቀድሞ ተቃጥሎ ኖሮ፥ አንድ ሰው ከሲጋራ ፓኮ ያወጣውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎበት ነበር። ፊውዝ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ራሱን አቅልጦ መኪናውን የሚያድን ቀጭን ብረት ነው። እርሱ እንዳይቀልጥ ከተደረገ በርሱ ፈንታ የሚግለው ከምንጣፉ ሥር የተዘረጋው ሽቦ ነው። ከደባርቅ ቀጥሎ ያለውን፥ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩትን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፥ ሰው የሞላበት ሚኒባስ በዚያ ላይ ጭስ ቢይዘው ምን እንደሚሆን ያስበው። ፊውዙ በልኩ ይተካ፤ ቦታውም ከባትሪው ከግማሽ ሜትር አይራቅ።

አምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ሲያበራ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ኃይል ደርሶታል፤ ዝም ያለው ራሱን ለመከላከል ነው። የስፒከሮቹን ሽቦዎች ሁሉ ነቅሎ መክፈት ይገባል። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ጥፋቱ በስፒከሩ ወይም በር ቆንጥጦ በላጠው ሽቦ ነው፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን ማግኘት ይቻላል። የ4 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ3 እስከ 4 ያሳያል፤ ዜሮ ወይም ምንም ካላሳየ ሞቷል። የድምፁም ገመድ ተነቅሎ መብራቱ ቀይ እንደ ሆነ ከቀረ ግን ሕመሙ ከውስጥ ነው።

ሞተሩ ሲፋጠን አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ ግራውንዱን እንደገና ማየት፥ የድምፁንም ገመድ ከኃይሉ ሽቦ አርቆ በሌላው ወገን ማሳለፍ ነው።

የጭነት መኪና ያላቸውን አንባቢዎቻችንን በተለይ ለማስጠንቀቅ እንወዳለን። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት አይሱዙዎች ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ለ12 ቮልት የተሠራ አምፕሊፋየር በዚያ ላይ ከተገናኘ ሊቃጠል ይችላል። ከሁለቱ በአንዱ ባትሪ ብቻ ማገናኘትም ብልሐት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላና ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። ደኅናው መንገድ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ማግባት ነው።

ውስጡን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ትራንዚስተሮቹ ናቸው፤ አብረው የሚሠሩት ሁሉ በአንድነት፥ በዓይነታቸው መተካት አለባቸው። ከተተኩ በኋላ ጠንቃቃ ሠራተኛ ወዲያው በሙሉ ኃይል አይከፍተውም፤ በፊውዙ ቦታ የ12 ቮልት የመኪና አምፖል አስገብቶ ይሞክረዋል። አምፖሉ በደማቁ በርቶ ከቀረ ሾርቱ ገና አልጠፋም፤ አዲሶቹም ከመቃጠል ይድናሉ። ደንበኛ ይህን ሙከራ እንዲያሳዩት ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ብርዱም ለአምፕሊፋየር የሚበጅ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀቱን ይዞ የሚሄደው አየር ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከወንበር ሥር በምንጣፍ ጠቅልሎ ማስቀመጥ አይገባም፤ አቧራውንም በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ነው።

ወይዘሮዋ ያንን ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለበትን ፊውዝ ለሠራተኛው መልሰው ሊያሳዩት በመሐረብ ቋጥረው አስቀመጡት። ሠርጉ እሑድ ነበር፤ ሚኒባሱም ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ ሆኖ እስከ ደባርቅ ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አጀበ።