ግንባርን የማይጎትት ውበት

በዚህ እትማችን ስለ ጸጉር እናወጋለን። «በዚህ ኑሮ ላይ ደግሞ የጸጉር ወሬ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን እስቲ መጀመሪያ ይህችን ታሪክ ስሙ።

ባለፈው የሰርግ ሰሞን ነው። አንዲት ሙሽራ ከሰርጓ ሦስት ቀን ቀደም ብላ በሰፈሩ የታወቁ ጸጉር ሠሪ እናት ዘንድ መጣች። በእጇ ዘመድ ከሳዑዲ የላከላት አንድ ከረጢት አርቴፊሻል ጸጉር ይዛለች። «እማማ፣ ቀጭን ቀጭን አድርገው፣ ጠበቅ አድርገው ይሥሩኝ። ይሄንንም ይጨምሩልኝ» አለች።

እማማ ሻሿን ገለጥ አድርገው ግንባሯን አዩ። በግራም በቀኝም፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ያለው ጸጉር ሳስቶ ቆዳው ያንጸባርቃል። ትንሽ ዝም አሉና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ግንባር ካሁን በኋላ አይጎተትም። ሰርግሽ አንድ ቀን ነው፤ መላጣው ግን ዕድሜ ልክሽን ነው» አሏት።

ልጅቷ አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ በስደት አገር ሰርግ ስንት ጊዜ ይመጣል? ፎቶው ለዘመድ ይላካል፤ አገር ቤት ያለችው እናት የምታየው ያንን ፎቶ ነው። «ደኸየች ይሉኛል» ነበር የልጅቷ ሐሳብ። እማማ ግን እምቢ አሉ። በመጨረሻ የተስማሙበትን እንነግራችኋለን፤ በመጀመሪያ ግን ችግሩ ምን እንደሆነ እንይ።

ጸጉር ለምን ከግንባር ይሸሻል?

ጸጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሥሩ ያለው ከቆዳ ሥር ነው። ሹሩባ በጣም ሲጠብቅ፣ ወይም ከባድ አርቴፊሻል ጸጉር ሲንጠለጠልበት፣ ሥሩ ቀን ከሌት ይጎተታል። በመጀመሪያ ያማል፤ ቀጥሎ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፤ ከዚያም ጸጉሩ ይሳሳል። በዚህን ጊዜ ማጥበቁ ከቀረ ጸጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞትና ቅቤም ቢቀቡት፣ መድኃኒትም ቢገዙለት አይበቅልም።

«ሹሩባ ሲሠሩት ሊያም ግድ ነው» የሚለው አባባል ስለዚህ ስህተት ነው። ራስ ምታት ያመጣ፣ ቅንድብን ወደ ላይ የሳበ ሹሩባ ጠብቋል ማለት ነው። ማስታገሻ ውጦ ከማደር መፍታት ይሻላል።

ሹሩባ ትልቅ ክብር ነው

አገራችን ውስጥ ጸጉር የሰው መታወቂያ ነበር። ሕፃኑ በቁንጮው፣ ትንሿ ልጅ በጋሜዋ፣ ያላገባችው በሳዱላዋ ትለያለች። ሹሩባም የሴት ብቻ አልነበረም። ከዚህ ከድንበሩ ብዙም በማይርቀው በቋራ የተወለዱት አፄ ቴዎድሮስ፣ እዚሁ መተማ ላይ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የወደቁት አፄ ዮሐንስ አራተኛም፣ በሥዕላቸው የምናያቸው ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ተሠርተው ነው። በዚያ ሹሩባ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቀጥ ያለ መስመርና ንጹሕ ጸጉር ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያርፉ ጸጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ነበር። ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ጸጉሩን ለኢትዮጵያ ያስረከበው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 ዓመት በኋላ! አንድ አገር ለአንድ ጉንጉን ጸጉር ይህን ያህል ከጠበቀ፣ እኛም ለልጆቻችን ጸጉር ብንጠነቀቅ ነውር የለውም።

ታዲያ እንዴት እንሥራ?

ያልበዛ፣ ያልጮኸ፣ ግን ያየው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየው የጸጉር ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜና እጅ ነው።

አንደኛ፣ ንጽሕና። በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ሊደርሰው እንደሚገባ የዕርዳታ መመዘኛው ይናገራል። ይህ የመጠጡም፣ የምግብ ማብሰያውም፣ የመታጠቢያውም ነው። ስለዚህ ለጸጉር ቆጥቦ ነው። ሳሙናውን ወይም ሻምፖውን በአንድ ኩባያ ውኃ በጥብጡት። ጸጉሩን በአራት ከፍላችሁ በጣት ጫፍ ቆዳውን እሹ እንጂ ጸጉሩን አትፈትጉ። ከዚያ በጆግ ቀስ እያላችሁ አለቅልቁ። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ማፍታታት። ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ውጡ። ከሥር ከጀመራችሁ ጸጉሩ ይበጠሳል።

ሦስተኛ፣ መስመር። የሹሩባ ውበቱ ያለው መስመሩ ላይ ነው። በአፍንጫ ትክክል ጀምራችሁ እስከ ማጅራት ቀጥ ያለ መስመር አውጡ፤ ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል ክፈሉ። አንዱ መስመር ከተጣመመ ፈትቶ መጀመር እንጂ «ግድ የለም፣ በሻሽ ይሸፈናል» ማለት አይገባም። ስድስት ወይም ስምንት ወፈር ያለ ሹሩባ፣ በደንብ ከተሠራ፣ ከሠላሳ ቀጭን ይልቅ ያምራል፤ ግንባርንም አይጎዳም።

አራተኛ፣ ግንባር። ዳር ዳሩን ያለውን ለስላሳ ጸጉር ተዉት፣ ውስጥ አታስገቡት። አጀማመሩ ላላ ይበል። ስትጨርሱ ልጅቷ ቅንድቧን ከፍ ዝቅ ታድርግ፤ ካመማት ፍቱት።

አምስተኛ፣ ቅባት። ቅቤ የእናቶቻችን ነው፣ ክፉ አይባልም። ነገር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በገዳሪፍ በጋ ቀልጦ ፊት ላይ ይወርዳል፣ አቧራም ይይዛል። ገዳሪፍ ደግሞ የሰሊጥ አገር ናት። ጥቂት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት መዳፍ ላይ አሽቶ መስመር መስመሩን ማስነካት ይበቃል። ዘይቱ ጸጉርን አያሳድግም፤ ድርቀትንና መሰባበርን ግን ይቀንሳል። ጎረቤቶቻችን ሱዳናውያንም ሰሊጥ ዘይትን ከብርቱካን ልጣጭና ከቅርንፉድ ጋር አዘጋጅተው «ከርከር» የሚሉት ቅባት አላቸው። ሹሩባውንም «ምሻጥ» ይሉታል። በዚህ ነገር ከእነሱ ጋር ቋንቋ ሳያስፈልገን እንግባባለን።

ስድስተኛ፣ ዕድሜው። ማታ በለስላሳ ሻሽ ጠቅልሎ መተኛት ሹሩባውን ያቆየዋል። ከስድስት ሳምንት በላይ ግን አታስከርሙት። ስትፈቱት ለአንድ ሁለት ሳምንት ጸጉሩ ይረፍ።

ለእናቶች ማሳሰቢያ

የልጅ ራስ ላይ ክብ ክብ እያለ ጸጉር ከነቀለና ቆዳው ከተቀረፈ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ይህ በቅባት ብቻ አይድንም፤ በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ማበጠሪያና ሻሽ አታዋውሱ። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ በእሱ ይመጣል። ለቅማል ብላችሁ ነጭ ጋዝ ራስ ላይ አታፍስሱ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት ከቀረበውም ሕይወት ያጠፋል።

ጸጉር የሚያለሰልሰውን ኬሚካል፣ ሪላክሰር የሚሉትን፣ ለሕፃናት ባትጠቀሙ ይመረጣል። የራስ ቆዳን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን በተከታተለ ጥናት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙት ላይ የማሕፀን ካንሰር ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ታይቷል። በሽታው ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም፤ ቢሆንም ማወቁ አይከፋም።

ለጸጉር ሠሪዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ይህ ሙያ ብዙ ቤት የሚያስተዳድር እንጀራ ነው። «ጠበቅ አድርጊው» የምትል ደንበኛ ስትመጣ እምቢ ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ወደ ሌላዋ ትሄዳለችና። ሁላችሁም ብትስማሙበት ግን የምትሄድበት የለም። ደንበኞችም በበኩላችሁ፣ ቁጭ ብላ ሦስት ሰዓት ለሠራችላችሁ ሴት «ጎረቤቴ አይደለሽ?» ብላችሁ ሒሳቧን አታስቀሩ።

ወደ ሙሽራችን እንመለስ። እማማ ስምንት ሹሩባ ሠሩላት፤ ላላ ያለ፣ መስመሩ በክር የተለካ የሚመስል። ግንባሯን ተዉላት። በሰሊጥ ዘይት አወዙት፤ ላዩ ላይ ነጠላ ጣል ተደረገ። ከሳዑዲ የመጣው ከረጢት ሳይከፈት ቀረ። ፎቶው አገር ቤት ሲደርስ እናቷ ደውላ ያለችው አንድ ነገር ነበር፤ «እኔን መስለሻል።»

አሁን አራት ወር ሆኗታል። በግራ ግንባሯ ትንንሽ ጸጉር ብቅ ብቅ ብሏል። በቀኝ በኩል ገና ነው። እማማ ሲያገኟት ሁልጊዜ ሻሿን ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ «ታገሺ፣ አትጎትቺው» ይሏታል።

እናንተም ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ግንባር ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።