ስሙ በቁም ይዙር ወይስ በውርስ? አሜሪካ ያለ የቤተሰብ ንብረትና የሽያጭ ግብሩ

አርባው ከወጣ በኋላ በየቤቱ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ ንብረቱ ምን ይሁን? ሟች የኖሩት አሜሪካ፣ ወራሾቹ ደግሞ ገሚሱ ሜሪላንድ ገሚሱ አዲስ አበባ ከሆኑ ነገሩ ይወሳሰባል። ከእርስዎም ዘመዶች መካከል እዚያ ቤት ወይም አክሲዮን ያላቸው ካሉ ይህን ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅምዎታል።

በአሜሪካ ንብረት አትርፎ ሲሸጥ በትርፉ ላይ «ካፒታል ጌይን ታክስ» ይከፈላል። ትርፉ የሚታወቀው ከመሸጫው ዋጋ ላይ መነሻ ዋጋው ሲቀነስ ነው። ለወራሽ መነሻው ሟች የገዙበት ዋጋ ሳይሆን፣ ባረፉበት ዕለት ንብረቱ ያወጣ የነበረው የገበያ ዋጋ ነው።

በምሳሌ እንየው። እናት እ.ኤ.አ. በ1998 በ180,000 ዶላር የገዙት ቤት ባረፉበት ዕለት 620,000 ዶላር ያወጣ ነበር እንበል። ልጆቹ በ640,000 ቢሸጡት ትርፉ 20,000 ብቻ ነው። የድለላው ወጪ ሲቀነስ ጭራሽ ግብር ላይኖር ይችላል።

«ኋላ ጣጣ እንዳይመጣ» ተብሎ ስሙ በቁማቸው ለልጅ ቢዞርስ? ያ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ የእናትየውን የ180,000 መነሻ ይዞ ይተላለፋል። ልጁ ሳይኖርበት በዚያው በ640,000 ቢሸጠው ትርፉ 460,000 ይሆናል። በ15 በመቶ እንኳ ቢሰላ 69,000 ዶላር ነው። ለመልካም የታሰበ አንድ ፊርማ ይህን ያህል ያስከፍላል።

የፌዴራሉ ግብር እንደ ሻጩ ገቢ 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ነው። ወራሽ በወሩ ቢሸጥም ንብረቱን ለረጅም ጊዜ እንደያዘ ይቆጠርለታል። የክፍለ ግዛት ግብር ለብቻው ይታያል።

እነዚህን ልብ ይበሉ፦

• ቤቱ ባረፉበት ዕለት ስንት ያወጣ እንደነበር ፈቃድ ባለው ገማች በጽሑፍ ያስገምቱ፤ ወረቀቱንም ያስቀምጡ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

• በገበያ ለሚሸጥ አክሲዮን የሚያዘው የዚያ ዕለት ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ አማካይ ነው።

• እንደ 401ኬ ያለ የጡረታ ቁጠባ በዚህ ደንብ አይታይም፤ ወራሹ ገንዘቡን ሲያወጣ እንደ ገቢ ግብር ይከፍልበታል።

• የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ካልሆኑ፣ ከቤቱ ሽያጭ በአብዛኛው ከድርሻዎ 15 በመቶው ተቀንሶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይገባል። የመጨረሻ ግብር ስላልሆነ፣ ሒሳብዎን አሳውቀው ትርፉን ያስመልሳሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ወላጆችዎ ስም ለማዞር ካሰቡ ከመፈረማቸው በፊት አብረዋቸው የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ። ወሬው ቢከብድም በሕይወት እያሉ መነጋገሩ ይሻላል።