ባይሄድ ኖሮስ?

የተከበራችሁ የደራ ልጆች፣ በአንበሳሜም ሆነ ከአገር ርቃችሁ ያላችሁ፤ የሥራ ገበያን አጠናለሁ የሚል ሰው በእውነት የሚያጠናው ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ የሙያዬን ፍሬ ነገር ዛሬ ረጋ ብዬ ልገልጽላችሁ ወደድሁ።

ከራሳችን ቀዬ ልነሣ። ከደራ፣ ከፎገራ፣ ከእስቴና ከፋርጣ የሚነሣው ጎልማሳ በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ኳራ ይወርዳል፤ ከሚመለሱትም መካከል አንዱ በሬ ሲገዛ፣ ሁለተኛው የቤቱን ክዳን በቆርቆሮ ሲለውጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ንዳድ ይዞት ባዶ እጁን ሲገባ እናያለን። እንግዲህ ይህ ጉዞ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብሎ የሚመረምር ሰው፣ የሄዱትን ካልሄዱት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ቢናገር ነገሩን የጨረሰ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የሚሄደው ማን ነው? መሬት ያልደረሰው፣ ነገር ግን ጉልበቱ የጸና፣ መንገድ የማይፈራው ነው። የሚቀረውስ? በአባቱ ማሳ ላይ ጎጆ የወጣው፣ ወይም ደዌ ያሰረው፣ ወይም አረጋዊት እናቱን የሚጦረው ነው። ሁለቱ ወገኖች ገና ከመነሻው የተለያዩ በመሆናቸው፣ በፍጻሜው የሚታየው የኑሮ ልዩነት ከጉዞው ይምጣ ወይም ጉዞው ሳይጀመር ከነበረው ሁኔታ፣ በዓይን ተመልክቶ መለየት አይቻልም። ሊጠየቅ የሚገባው ያ የሄደው ሰው ራሱ ባይሄድ ኖሮ ዛሬ በምን ሁኔታ ይገኝ ነበር የሚለው ሲሆን፣ ይህንም ከፈጣሪ በቀር ያየ የለም።

የሙያችን ድካም ሁሉ ይህን የማይታየውን ኑሮ በሚታይ ነገር ለመተካት የሚደረግ ጥረት ነው። ከመንገዶቹም ሁሉ የጠራው ዕጣ ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ስፍራ ማትያስን የተኩት በዕጣ እንደ ነበር በግብረ ሐዋርያት ተጽፏል፤ ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላምና። ብዙ ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ በሁለት ወገን ሲከፈሉ፣ ብርቱውና ደካማው፣ ባለ ዘመዱና ዘመድ የለሹ በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ መጠን ይገኛሉ፤ ከዚያም ለአንደኛው ወገን ብቻ እርዳታ ተሰጥቶ ከጊዜ በኋላ ልዩነት ቢታይ፣ ልዩነቱ የእርዳታው ውጤት ነው ለማለት ያስደፍራል።

ለዚህም እጅግ የማደንቀው ምሳሌ ከወደ አዲስ አበባ የመጣ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ግሩም አበበ ከስቴፋኖ ካሪያ፣ ከማርሴል ፋፍሻም፣ ከፓውሎ ፋልኮ፣ ከሳይመን ፍራንክሊንና ከሳይመን ክዊን ጋር ሆኖ፣ ከመሀል ከተማው ርቀው የሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ለየ። ለአንዳንዶቹ የሥራ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት መሀል ከተማ የሚመላለሱበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ፤ ሌሎቹ ደግሞ ማመልከቻ መጻፍና ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ተምረው፣ ሕዝቡ ኮሜርስ በሚለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተፈትነው፣ ችሎታቸውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም ሳይሰጣቸው እንደ ነበሩ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናታቸው እንደ ገለጹት፣ በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም እርዳታዎች መደበኛ ሥራ የማግኘትን ዕድል ጨመሩ። ከ4 ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ገንዘብ ፍሬ ጠፍቶ ሲገኝ፣ የተፈተኑት ወጣቶች ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው ወደ 20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ይበልጥ የተጠቀሙትም ያለዚያ በሥራ ገበያው ወደ ኋላ ይቀሩ የነበሩት ናቸው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራ በሰው በሰው በሚገኝበት አገር፣ የሚናገርለት ዘመድ የሌለው ልጅ ችሎታው ቀድሞም በእጁ እንደ ነበረ፣ የጎደለውም ለቀጣሪው የሚመሰክርለት ብቻ እንደ ሆነ በሚዛን ተመዝኖ ታይቷልና።

ይሁንና «ዕጣው ያልደረሰው ልጅ ምን በደለ?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ ዘንድ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም የፍትሕ ጥያቄ ስለ ሆነ ልናልፈው አይገባም። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን ከዕጣ ውጭ ያለው ምርጫ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህም በላይ፣ የሚሰጠው ነገር ጥቅም ይሁን ጉዳት ሳይመዘን አይታወቅም። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በሚገኙ 5 ድርጅቶች ያመለከቱትን ሥራ ፈላጊዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ፣ በዕጣ ለይተው ለአንደኛው ወገን የፋብሪካና የእርሻ ልማት ሥራ፣ ለሁለተኛው 300 ዶላር ከንግድ ሥልጠና ጋር ሲያሰጡ፣ ሦስተኛውን እንዳለ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት ብዙ ሰው የጠበቀው አልነበረም፤ የሥራው ዕጣ ከደረሳቸው የሚበዙት በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቁ፣ ከዓመት በኋላም ገቢያቸው ካልደረሳቸው ሳይበልጥ የጤና ጉዳታቸው ጨምሮ ተገኘ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት በአንጻሩ ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። 5 ዓመት ቆይተው ሲመለከቱ ግን ይህም ብልጫ ጠፍቶ ሦስቱ ወገኖች ተቀራርበው ነበር። በዚያ ዕጣ እድለኛው ማን እንደ ነበረ አስቀድሞ ለመናገር የሚደፍር ማን ነበር?

ዕጣ መጣል በማይቻልበት ስፍራ ሌላ መንገድ ይፈለጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ዴቪድ ካርድ፣ ጆሹዋ አንግሪስትና ጊዶ ኢምበንስ የተመሰገኑበት ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ስለ እነርሱ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

የአዲስ አበባው ውጤት እንዳለ ወደ አንበሳሜ ይገለበጣል ብዬ አላምንም። የምስክር ወረቀት የሚጠቅመው የሚያነበው ቀጣሪ ሲኖር ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች፣ ከትምህርት ቤቶች፣ ከጤና ተቋማትና ከጥቂት ሱቆች በቀር ደመወዝ የሚከፍል ብዙ የለም። ለደራ መመርመር ያለበት እኔ እንደሚመስለኝ ያ ወደ መተማና ወደ ኳራ የሚደረገው የቆላ ጉዞ ነው። ወጣቱ የቀን ክፍያውን የሚሰማው ከደላላ አፍ ነው፤ ስለዚህ በዕጣ በተለዩ ቀበሌዎች፣ ሰው ከመነሣቱ በፊት የመተማ የሳምንቱ የቀን ክፍያ በስልክ ቢነገር፣ ከመከርም በኋላ በእጅ የተረፈው ገንዘብ ካልተነገራቸው ቀበሌዎች ጋር ቢተያይ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ጠቃሚ ነገር እናውቅ ነበር። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፤ መጠይቁን አብረን እናዘጋጃለን።