አዲሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚገባ የማይግለው ለምንድን ነው?

በሰቆጣ ከተማም ሆነ መብራት በደረሳቸው የዋግ ኽምራ ቀበሌዎች፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የማገዶ ድካምን ያቃልላል። ይሁን እንጂ በአዲስ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ሲቀር፣ ምጣዱን ወደ ሻጩ ከመመለስ በፊት የችግሩን ምንጭ መለየት ይገባል።

ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር ካነሰ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ማነስ ነው። አንድ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ 220 ቮልት ማግኘት ሲገባው 180 ብቻ ከደረሰው፣ ሙቀቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ማለዳ በደንብ ግሎ ማታ የሚደክም ከሆነ፣ መስመሩ በብዙ ተጠቃሚዎች መጨናነቁን ያመለክታል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ ደግሞ ኃይሉ ከመባከኑም በላይ፣ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ለምጣዱ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር በባለሙያ ማስዘርጋት ያስፈልጋል።

መሐሉ ግሎ ዳሩ ከቀዘቀዘ ግን፣ ከሸክላው ሥር ያለው ሽቦ በእኩል ርቀት ሳይዘረጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሠሪው ጥፋት በመሆኑ መመለስ ተገቢ ነው። ምጣዱ በሚገባ ግሎም እንጀራው የሚጣበቅ ከሆነ፣ ያነሰው ማሟሸቱ ነው፤ እንደ ማገዶው ምጣድ ሁሉ በጎመን ዘር ደጋግሞ ማሸት ይበጃል።