ምኞትና ትጋት፦ አንጎል ግብን ከፍጻሜ የሚያደርስበት ሁኔታ

«ምኞት አይከለከልም» ይባላል። በትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ጥሩ ውጤት ለማምጣት የማይመኝ ተማሪ፣ ይህንኑ ለተማሪው የማይመኝ መምህርም አይገኝም። ነገር ግን ምኞት ሁሉ ከፍጻሜ እንደማይደርስ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ምኞትን ወደ ተግባር የሚለውጠው ምን እንደሆነ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በቅርብ ዓመታት ስለ ግል ዕድገት በሚጻፉ መጻሕፍትና በሚደረጉ ንግግሮች ለዚህ ጥያቄ አንድ ቀላል መልስ ሲሰጥ ይሰማል። ይኸውም፣ ሰው የሚፈልገውን ነገር አሁኑኑ እንዳገኘው አድርጎ በሐሳቡ ቢሥልና አጥብቆ ቢያምን፣ የቀረውን አንጎሉ ራሱ ይፈጽምለታል የሚል ነው። ምክሩ በሳይንስ ስም የሚቀርብ በመሆኑ ብዙ ወጣቶችን ይማርካል። ዳሩ ግን የአንጎልና የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች የደረሱበት ውጤት ከዚህ ምክር ጋር በከፊል ቢስማማም በዋናው ነገር ይቃረናል። ልዩነቱን ለይቶ ማወቅ ለመምህራን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በመልካም ስሜት የተሰጠ የተሳሳተ ምክር የተማሪን የጥናት ጊዜ ሊያባክን ይችላል።

ሀ. ዕቅድ የሚወጠንበት የአንጎል ክፍል

የአዋቂ ሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ክብደቱ ከመላው ሰውነት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ከሚጠቀምበት ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ከአንጎል ክፍሎች መካከል የወደፊቱን በማሰብ፣ ሥራን በቅደም ተከተል በማቀድና የቅጽበት ፍላጎትን በመግታት ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ከግንባር በስተኋላ የሚገኘው የፊተኛው ክፍል ነው።

የዚህን ክፍል ተግባር ለመረዳት በር ከከፈቱት አጋጣሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት የደረሰው አደጋ ነው። ፊኒያስ ጌጅ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ለድንጋይ መፍለጫ ባሩድ በሚጠቀጥቅበት ጊዜ ባሩዱ ድንገት ፈንድቶ፣ ከ1 ሜትር የሚበልጥ የብረት ዘንግ ከጉንጩ ሥር ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ከሞት ተረፈ፤ ይናገርና ይራመድም ነበር። ሆኖም ሐኪሙ ጆን ሃርሎ እ.ኤ.አ. በ1868 እንደገለጸው፣ ከአደጋው በኋላ ብዙ ዕቅድ እያወጣ ወዲያው የሚተው ሰው ሆነ። ምኞት አላጣም፤ የተዳከመው ምኞቱን ይዞ የሚያቆየው ኃይል ነበር። ጌጅ ከዚያ በኋላ በቺሊ አገር የመንገደኞች ሠረገላ በመንዳት ለዓመታት ሠርቷል። የሥራው ሰዓትና ቅደም ተከተል በየዕለቱ የተወሰነ መሆኑ በከፊል እንዲያገግም ሳይረዳው እንዳልቀረ የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ።

የምኞት ሰባኪዎች በበኩላቸው በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚገኝ አንድ የሕዋሳት መረብ ሰው የሚመኘውን ሁሉ ፈልጎ እንደሚያቀርብለት ይናገራሉ። ስለዚህ መረብ ጁዜፔ ሞሩትሲና ሆራስ ማጉን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳዩት ግን አንጎልን ከእንቅልፍ የሚያነቃ መሆኑን ነው። ሰው ትኩረት የሰጠውን ነገር ከሌላው ይልቅ ቶሎ ማስተዋሉ እውነት ነው። ነገር ግን መንገድን ማየት በመንገዱ መሄድ ማለት አይደለም።

ለ. ዶፓሚንና የማግኘት ተስፋ

ስለ ምኞት ሲነገር ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር «የደስታ ቅመም» እየተባለ ይጠቀሳል። ይህ አገላለጽ ከእውነቱ ይርቃል። ዎልፍራም ሹልትስ የተባለው የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ዶፓሚን አመንጪ የሆኑት ሕዋሳት እንስሳው ያልጠበቀው የፍራፍሬ ጭማቂ ሲሰጠው በብርቱ እንደሚንቀሳቀሱ ተመለከተ። ከጭማቂው አስቀድሞ ምልክት እየታየ ልምምዱ ሲደጋገም ግን፣ ሕዋሳቱ የሚንቀሳቀሱት በምልክቱ ጊዜ እንጂ በጭማቂው ጊዜ አልሆነም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው በቀረ ጊዜም፣ ልክ ጭማቂው ይጠበቅ በነበረበት ሰዓት እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ። ሹልትስ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳብራራው፣ እነዚህ ሕዋሳት የሚያስታውቁት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ አንጎል የሚማረው የተግባሩን ውጤት ከግምቱ ጋር እያስተያየ ነው። ተማሪው ሞክሮ ሲሳካለት ወይም ሲሳሳት አንጎሉ የሚያርመው ነገር ያገኛል። ምንም ሳይሞክር በሐሳቡ ብቻ ድል የሚያደርግ ተማሪ ግን ግምቱን የሚያርምበት ውጤት አያገኝም።

ሐ. ውጤቱን ማሰብና ሥራውን ማሰብ

ለትምህርት ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከፈተና በፊት በነበሩት ቀናት ከፊሎቹ ተማሪዎች በየዕለቱ 5 ደቂቃ ያህል ከፍተኛ ውጤት አግኝተው ሲደሰቱ ራሳቸውን እንዲያስቡ ተደረገ። ሌሎቹ ደግሞ መጽሐፍ ገልጠው፣ ማስታወሻቸውን ዘርግተው፣ የሚያዘናጋቸውን ነገር አርቀው ሲያጠኑ ራሳቸውን እንዲያስቡ ታዘዙ። አጠናናቸውን ያሰቡት ቀደም ብለው ማጥናት ጀመሩ፤ ውጤታቸውም የተሻለ ሆነ። ውጤቱን ብቻ ያሰቡት ግን ጥቅም አላገኙም።

ጀርመናዊቷ የሥነ ልቡና ምሁር ጋብሪኤሌ ኦቲንገንም ተመሳሳይ ነገር ተመልክታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከቶማስ ዋደን ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ ሕክምና ከጀመሩ ሴቶች መካከል ይሳካልናል ብለው የገመቱት ብዙ ሲቀንሱ፣ ስለሚመጣው መልካቸው ያማረ ሕልም ያበዙት ግን ጥቂት ቀነሱ። እዚህ ላይ ሁለቱ ነገሮች መለየት አለባቸው። በልምድ ላይ የተመሠረተ ተስፋ ሰውን ለሥራ ያነሣሣል፤ ያለ ድካም ሁሉን የሚያስገኝ የቀን ሕልም ግን ሥራው የተፈጸመ ያስመስልና ትጋትን ያላላል። ስለሆነም ኦቲንገን የምትመክረው ምኞትን በሐሳብ ከሣሉ በኋላ ወዲያውኑ በመንገዱ ላይ የቆመውን እንቅፋት ማሰብን ነው።

በሐሳብ መሣል ራሱ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። አልቫሮ ፓስኳል ሊዮኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ፒያኖ የማያውቁ ሰዎች በቀን 2 ሰዓት ለ5 ቀናት አንድ የጣት ልምምድ እንዲያደርጉ ተደረገ። ከፊሎቹ በእጃቸው ሲለማመዱ፣ ሌሎቹ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ብቻ ተለማመዱ። በሁለቱም ወገን ጣቶችን የሚያዘው የአንጎል ስፍራ እየሰፋ ሄደ። ይሁን እንጂ በ5ኛው ቀን በሐሳብ የተለማመዱት ችሎታ ሌሎቹ በ3ኛው ቀን ከደረሱበት አላለፈም፤ እኩል የሆኑትም አንድ ጊዜ በእጃቸው ከተለማመዱ በኋላ ነው። ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ እነዚህ ሰዎች በሐሳባቸው ያዩት የተመልካቹን ጭብጨባ ሳይሆን የእያንዳንዱን ጣት እንቅስቃሴ መሆኑ ነው።

መ. ጊዜንና ቦታን መወሰን

ሥራውን ማሰብ ከተጀመረ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «መቼና የት?» የሚለው ነው። ፒተር ጎልቪትሰር የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር ምኞትን «ይህ በሚሆንበት ጊዜ ያንን አደርጋለሁ» በሚል ውሳኔ ማሰር እንደሚገባ አሳይቷል። ጎልቪትሰርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 94 ሙከራዎችን በአንድነት መርምረው፣ እንዲህ ያለው ውሳኔ ግብን ከፍጻሜ በማድረስ ረገድ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ የሆነ ውጤት እንዳለው አረጋገጡ።

ለምሳሌ «ዘንድሮ ሒሳብን ጠንክሬ አጠናለሁ» የሚል ተማሪ ምኞቱን ገለጸ እንጂ ዕቅድ አላወጣም። «ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቡና ከመፈላቱ በፊት፣ 5 ጥያቄዎች እሠራለሁ» የሚለው ግን ለአንጎሉ ምልክት ሰጥቷል። ሰዓቱና ቦታው ሲደርስ ተግባሩ ያለ ብዙ ማመንታት ይታወሰዋል። እንቅፋቱም በዚሁ መንገድ አስቀድሞ ሊታሰብ ይችላል፦ «መብራት ከጠፋ ንጋት ላይ ተነሥቼ እሠራለሁ።»

ሠ. ድግግሞሽና ጊዜ

ውሳኔው ልማድ እስኪሆን ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ፈቃደኞችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገለጹት፣ አንድ ቀላል ተግባር ያለ ማሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀናት ወስዷል። የግለሰቦቹ ልዩነት ግን ሰፊ ነበር፤ ከ18 እስከ 254 ቀናት ደርሷል። በመካከሉ አንድ ቀን ማቋረጥም ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ አንድ ቀን ያልተሳካለት ተማሪ ሁሉን ነገር የሚተውበት ምክንያት የለም።

ትጋት በአንጎል ላይ የሚያሳርፈውን ለውጥ በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ካተሪን ዎሌትና ኤሌኖር ማጓየር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ነው። በለንደን ከተማ የታክሲ ነጂነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው 25,000 ያህል ጎዳናዎችን በቃሉ ማጥናት አለበት፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። ከተጠኑት 79 ዕጩዎች 39ኙ ፈተናውን አለፉ። በሥልጠናው መጀመሪያ ላይ የሁሉም አንጎል ተመሳሳይ ነበር። በመጨረሻው ግን ሂፖካምፐስ የተባለው፣ የቦታን ትዝታ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል በስተኋላው በኩል ጨምሮ የተገኘው ባለፉት ላይ ብቻ ነው። ፈቃዱን ሁሉም ተመኝተው ነበር። ያለፉት ግን በሳምንት ለሥልጠናው ያዋሉት ሰዓት ከወደቁት ይበልጥ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ከዚህ ምርመራ ጋር ይስማማል።

ረ. ለመምህሩ የሚቀረው ተግባር

ከላይ የተዘረዘሩት ጥናቶች ለመምህሩ ጠቃሚ ቢሆኑም ወሰናቸው መታወቅ አለበት። በአገራችን ለ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ብዛት ያለው ወጣት ምኞቱ ስላነሰ ወደቀ ሊባል አይችልም። የመጻሕፍት እጥረት፣ የትምህርት መቋረጥ፣ የክፍል መጣበብና ሌላውም ችግር በአንድ ተማሪ ሐሳብ አይወገድም። የምኞት ስብከት ዋናው ጉዳቱም በዚህ ላይ ይታያል፦ «በጽኑ ያመነ ያገኛል» የተባለ ልጅ ሳያገኝ ሲቀር ጥፋቱ የእምነቱ ማነስ እንደሆነ ቆጥሮ ራሱን ይወቅሳል።

መምህሩ ሊያደርግ የሚችለው ግን ጥቂት አይደለም። ተማሪው ምን መሆን እንደሚፈልግ ከጠየቀው በኋላ ንግግሩን በዚያ ባያበቃ፣ ሦስት ጥያቄዎች ሊጨምር ይችላል። የመጀመሪያው «ምን ያሰናክልሃል?» ሁለተኛው «መቼና የት ትጀምራለህ?» ሦስተኛው «በሳምንቱ መጨረሻ ምን ሠርተህ ታሳየኛለህ?» የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ እንቅፋቱን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ተግባሩን ከጊዜና ከቦታ ጋር ያስተሳስራል፤ ሦስተኛው ደግሞ አንጎል ግምቱን የሚያርምበትን ውጤት ያስገኛል። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱም ሥራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ መምህሩ መልሱን ለሚመለከተው ክፍል ማድረስ ይኖርበታል።